ከዓመት ዓመት የምትቀንሰው ወፍ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያችን ትንሽ የጫካ ዘማሪ ወፍ በድምፅዋ መቁጠር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። በየዓመቱ ትቀንሳለች። ለተማሪዎቼ ምክንያቱ የሐይቁ ዳር ዛፍ መቆረጡ ነው እያልኩ አስተምራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ዓሣ ልትገዛ ወደ አሞራ ገደል ገበያ ስትሄድ መንገዷን አቋርጣ አብራኝ ጫካው ገባች። ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ ጭጭ።

«ዘንድሮስ ጭራሽ ጠፋች» አልኳት።

«ታዲያ ይቺ ከመጣን ጀምሮ የምታደነቁረን ማን ናት?» ብላ ከራሴ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አሳየችኝ።

ቀና ስል ወፏ አፏን ከፍታለች፤ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ለእኔ ግን ድምፅ የላትም።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። የባለቤቴም ቁጣ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጥቷል። እኔ ዕድሜ አብርዷት መስሎኝ።