የወፍጮ ቤቱ መስመር

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ስታነብ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ አውቄም ነው የጻፍኩት።

አክስታችን ትናንት መልእክትህን አደረሰችኝ። የናፍጣዋን መኪና ሸጠህ የኤሌክትሪክ ገዝተሃል አለች። እንኳን ደስ አለህ። የቤትህ መብራት ግን መኪናዋን በሰካህ ቁጥር ድርግም እያለ አስቸግሮሃል፤ ስለዚህ ኃይል በማያንሰው በወፍጮ ቤቱ መስመር ባትሪዋን ልሙላ ትላለህ። አልዋሽህም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አባባ ሲሞት ያካፈልከን አንተ ነህ። ሴት ልጅ መሪ ምን ያደርግላታል ብለህ ያኔም ታክሲ የምትሠራበትን የናፍጣ መኪናውን ወሰድክ፤ ለእኔ በግቢው ያለው፣ ድንጋዩ ያለቀ ወፍጮ ደረሰኝ። ወፍጮው የሚዞርበትን ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ማንም አልቆጠረውም። ተበድሬ የኤሌክትሪክ ታክሲዬን ስገዛ፣ ጎማ ያለው ፍሪጅ ገዛች ብለህ ሰፈሩን አሳቅክብኝ። ፍሪጄ ቀኑን ሙሉ ሠርታ የምትበላው የመብራት ዋጋ፣ አንተ እስከ ረፋድ ታነድደው የነበረውን ናፍጣ ዋጋ ሩቡን አያህልም። ዘይት አልቀይር፣ ፊልትሮ አላውቅ፣ የመካኒክ ደጅ አልጠና። ጎማ ቶሎ ትጨርሳለች፤ እሱን አልደብቅህም። ታሪፍ ስቀንስ ተሳፋሪዎችህ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አልክ አሉ። አዎ፣ ቅሏ እኔ ነኝ።

ገንዘብህን አልፈልግም። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ አንድ ሂሳብ ሠራሁ፤ ከአባባ ቤት እስከ ሐኪም ቤት፣ ደርሶ መልስ። በእኔ መኪና የአንድ ዳቦ ዋጋ አይሞላም። አንተ በሸጥካት መኪና ሁለት ሊትር ናፍጣ ነበር። ናፍጣ ተወዷል፣ ሥራም ይበደላል ብለህ በገዛ መኪናው አልወስደውም ባልክበት ወር፣ አባባ ትከሻዬን ተደግፎ አውቶቡስ ሲጠብቅ የነበረው ለዚህች ለሁለት ሊትር ነው። በመጨረሻው ቀን አባባ ትከሻዬ ላይ እንዳለ አረፈ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ብቻዬን ነበርኩ።

እና ናና ሙላ፤ በር አልዘጋብህም። በመጣህ ቁጥር ግን ሁለት ሊትር ናፍጣ በጀሪካን ይዘህ ትመጣለህ። ምን ታደርጊበታለሽ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። መኪናህን ውጭ አቁመህ፣ በእጅህ አንጠልጥለህ፣ በአባባ በር ስትገባ ማየት ነው የምፈልገው።

ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ፤ ለመመላለሱ ያስፈልግሃል።

ታናሽ እህትህ