ለእማዬ የተከራየሁት ዊልቸር

መጋቢት 11፣ እሁድ ከሰዓት

ውድ እህቴ፣

ደህንነትሽን ትናንት በስልክ ስለሰማሁ እሱን እዘለዋለሁ። ይህን በፈጣን ፖስታ የምልክልሽ እማዬ ከስልኩ አጠገብ ስለማትጠፋ ብቻ አይደለም። በድምፄ የማልደፍረው ነገር አለ።

አውሮፕላን ከመሳፈርሽ በፊት ማወቅ ያለብሽን ላስቀድም። እማዬ "ጉንፋን ነው" ያለችሽ ጉንፋን አይደለም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አዳልጧት ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ይድናል ብሏል። ቤት ውስጥ በምርኩዝ ትንቀሳቀሳለች፤ ብዙ መቆምና ረጅም መንገድ ግን ለጊዜው ተከልክላለች። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። አንቺን ኤርፖርት ሄዳ ካልተቀበለች ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ስለዚህ ዊልቸር ፍለጋ ወጣሁ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ወገቤንም ታውቂዋለሽ። ታጥፎ ታክሲ ውስጥ የሚገባ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ መሆን ነበረበት። ሆስፒታሉ የሚያውሰው ሰው ሳይሆን ሲሚንቶ ለመጫን የተሠራ ብረት ነው። የሕክምና ዕቃ የምታከራይ ሴትዮ ጋ ሄድኩ። ያወጣችልኝ ሁሉ ወይ ጎማው ይወላገዳል፣ ወይ ፍሬኑ አይዝም። እንደ ልማዴ ጮህኩ።

"ጋሼ፣ ለስንት ጊዜ ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ።

"ለአንድ ሳምንት።"

"እኔ ባሌንም እንዲህ አላማረጥኩት!"

በመጨረሻ ከጓዳ አንድ የአሉሚኒየም አወጣች። በሁለት ጣት ተነሣልኝ። እንከን ፈልጌ አጣሁለት፤ ይህም አናደደኝ።

እማዬ ግን ገና ሳይመጣ ጠልታዋለች። በዚያው ቀን ጠዋት፣ "በጋሪ ተጭኜ ነው ልጄን የምቀበላት? ቆሜ ነው የምታየኝ" ብላኝ ነበር።

"ምን ያሳፍራል?" ብዬ ጮህኩባት። "የሚያሳፍረው መስረቅ ነው፣ መዋሸት ነው! ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ያሳፍራል?"

ይህን ቃሌን ያዢልኝ።

እኔ ያልሞከርኩት ነገር ላይ እናቴን አላስቀምጥም። ስለዚህ ከሱቁ እስከ ቤት ራሴ ተቀምጬበት፣ ጎማውን በእጄ እየገፋሁ ልሄድ ወሰንኩ። ፍሬኑን፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ አወጣጡን፣ ሁሉንም አየሁ። ዳገቱ ሥር ስደርስ ከኋላዬ፣ "ኢንጂነር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከኔ ሥር ፕላን የሚነድፍ ሰውዬ ነው፤ ሥራውን እየደጋገምኩ የምመልስበት። እማዬን ለማስታመም ፈቃድ ከወጣሁ ወዲህ ቢሮ አላየኝም። ምክንያቱንም ለማንም አልተናገርኩም፤ የቤቴን ጉዳይ ቢሮ አልወስድም።

"ኧረ ምን ሆኑብን? ምነው ሳንሰማ!"

ተነሥቼ "እየሞከርኩት ነው" ብል ያበቃ ነበር። እሱ ግን እንባ አቅርሮ ከመሬት ተንበርክኮ፣ ከማሳረፊያው የወጣ እግሬን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰልኝ። በቀስታ፤ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። አሁን ብነሣ ወይ ተአምር ነኝ፣ ወይ አጭበርባሪ። ዝም አልኩ። ዝምታ አንዴ ከጀመሩት ይቀላል።

ዳገቱን እያለከለከ ገፋኝ። ሲገፋም ያወራል።

"ቢሮ ምን ብለን እንደምንጠራዎ ያውቃሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና... ውሃ ልክ።"

"ውሃ ልክ?"

"ቅንጣት ዝንፍ አይሉማ! ስንት ቀን በሆዴ ረግሜዎታለሁ። ግን የውሃ ልክ ፊርማ ያረፈበት ቤት አይፈርስም እንላለን።"

ዝንፍ የማይለው ሰውዬ ጤነኛ እግሮቹን ሰብስቦ ይሰማል።

ደረጃው ሥር ስንደርስ "እዚህ ይበቃል" አልኩት።

"ታዲያ ማን ያወጣዎታል?" አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁጢጥ አለ።

አሁንም መናገር እችል ነበር። እህቴ፣ ታዘልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ታዘልኩ። የልቡ ምት ደረቴን ይመታኝ ነበር።

እማዬ ምርኩዟን ይዛ በሩን ከፈተች። ሰው ጀርባ ላይ ስታየኝ "ልጄን!" ብላ ጮኸች፤ ምርኩዙ ከእጇ ወደቀ። ሳላስበው ዘልዬ ወረድኩና ሳትወድቅ ያዝኳት። በሁለት እግሬ ቆሜ።

ነዳፊው ግድግዳውን ተደግፎ አንዴ እግሬን፣ አንዴ ፊቴን ያያል። የትኛውን ውሸት እንደምጀምር ስፈልግ እማዬ ቀደመችኝ።

"ወንበሩ የኔ ነው፣ ልጄ" አለችው። "አፍሬ አልቀመጥም ብዬ ሳስቸግረው ሲሞክርልኝ ነው። እስቲ አምጣልኝ።"

ከታች አመጣው። ሰው እንዳያያት በር ዘግታ የከረመች ሴት፣ አይታው በማታውቀው ሰው ፊት ተቀመጠችበት፤ እኔን ለመሸፈን። ይመቻት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ነዳፊው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እንኳን ደህና ሆኑ፣ ኢንጂነር" አለኝ። ከልቡ ነው፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ደረጃውን ወረደ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ይቅርታም አላልኩትም። ከቢሮ ደውሎ የሳቀብኝ ሰው እስካሁን የለም፤ ለማንም አልተናገረም ማለት ነው። ይህም ያንገበግበኛል።

እማዬ ኤርፖርት ትመጣለች። ከወንበሩ አልነሣም ብላለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ማፈር አንሥታ አታውቅም፣ እኔም አላነሣሁባት። ከፎቅ የሚያወርዳት ሰው ግን ያስፈልጋል። አንድ ጀርባ አውቃለሁ። ስልኩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይህን ፖስታ ካሸግኩ በኋላ ግን እደውልለታለሁ፤ ለአንቺ ጽፌዋለሁና ማምለጫ የለኝም።

አንቺም ከበሩ ስትወጪ እንደ ድሮው በሰው ትከሻ ከፍታ አትፈልጊን። ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ፤ ታገኚያታለሽ። "ምን ሆነሽ?" እንዳትያት። ፊቷ ቁጭ በይና ሳሚያት። ከኋላዋ የሚገፋውን ሰው ደግሞ በእኔ ስም አመስግኚልኝ። አጠገቡ እቆማለሁ፤ ቃሉ ግን ሊጠፋብኝ ይችላል።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ እሷንም እንደተመኘችው ለመቆም ያብቃልን።

ወንድምሽ፣
ውሃ ልክ