ሁለታችን ያጠጣነው ቃሪያ

ሲስተርዬ፣

ከሆስፒታል አዳር ስትገቢ በረንዳው ላይ ባዶ የነበረ የቀለም ባልዲ ታገኛለሽ። እንዳትጥዪው። የጎረቤቱን ግድግዳ የሚቀቡት ሰዎች ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ያመጣሁት ነው። ሚስማር አግዬ ቂጡን በስቼዋለሁ። ቃሪያውን ከዚያ የድሮ ተከራዮች ትተውት ከሄዱት ፖፖ አውጥቼ እሱ ላይ ተክዬዋለሁ። የሚሸጠው የአበባ ማስቀመጫ እንደሆነ ዋጋው አይቀመስም።

ከዚህ በፊት ስላመጣኋቸው ዕቃዎች በሩ ላይ «ቤቱን የቆራሌው መጋዘን አስመሰልሽው» ብለሽ የለጠፍሽውን አይቻለሁ።
ተይው።

ቃሪያው ለምን እንደሚጠወልግ ግን ትናንት ስነቅለው ገባኝ። ስሩ በስብሷል። ፖፖው ውሃ ማስወጫ የለው! እኔ ጠዋት ወደ ስፌት ቤት ስወጣ አጠጣዋለሁ። ትናንት ስመለስ ደግሞ አፈሩ እንደገና ርሶ፣ የሻይ ኩባያሽ አጠገቡ ተቀምጦ አገኘሁት። ውስጡ ገና ውሃ ነበረው።

ለካ አንቺም ለአዳር ስትወጪ ታጠጪው ነበር። እኔ እኮ በዚህ ቤት ከኔ ሌላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም ብዬ፣ ስንት ነገር በሆዴ ይዤብሽ ነበር።

ዛሬ ውሃ እንዳትሰጪው፤ አፈሩ ትንሽ ይድረቅለት። ይተርፍ እንደሆነ እንጃ። ከእንግዲህ ማን እንደሚያጠጣው ደግሞ በወረቀት የምንጨርሰው ነገር አይደለም።

ሰርቪሱ ክላክስ እያደረገ ነው፣ ልሩጥ።

ለቃሪያው ሁለታችን በዝተንበታል፤ ለቤቱ ግን አንሰናል።

እሁድ ስትገቢ ተኝቼ ብታገኚኝም ቀስቅሺኝ።