ግራሽን ያዢ

ጁላይ 4

ስምንት ተማሪ። የባንክ ሠራተኛዋ ዛሬም መሐል መንገድ ላይ ተንሳፈፈች። "ግራሽን ያዢ" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን መቶ ጊዜ። ስሞት ሐውልቴ ላይ ይጻፍልኝ አልኩ፤ ቢሮ ያሉት ሳቁ።

ከነገ ወዲያ ከጓደኛዬ ከሙጉሜ ጋር ከካባሌ ተነስተን ሩዋንዳ ልንገባ ነው፣ በየሞተራችን። ሦስት ቀን ብቻ። እዚያ የሚነዳው እንደኛ አገር በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው፣ እንዳትረሺ ይለኛል። ማንን ነው የሚመክረው? እሱን መንዳት ያስተማርኩት እኔ!

ጁላይ 6

ድንበሩን አለፍን። ቀኙን ለመልመድ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አደባባይ ላይ የተደናገረው ሙጉሜ ነው... እስኪመሽ ሳቅሁበት።

ጁላይ 13

እጄ መጻፍ ችሏል። እግሬ ግን... ግራ ጭኔ ተሰብሮ ብረት ገብቶበታል። ሩዋንዳ፣ ሙሳንዜ ከተማ፣ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል፣ አምስተኛ አልጋ። ከወደቅሁ ስድስት ቀኔ ነው አሉኝ።

የማስታውሰው ይሄ ነው። መንገድ ዳር ሻይ ጠጣን። ሄልሜቴን አጠለቅሁ። ከዚያ የሆስፒታሉ ጣሪያ። በመሐል ያለው የለም።

ሙጉሜ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት ነገረኝ። ድንች የጫነ ብስክሌተኛ ቁልቁለቱን ሲወርድ ኩርባው ላይ ወደኛ ጎን ገብቶ አንቺ ላይ ወጣ። ለፖሊስም ይህንኑ ብያለሁ፣ ቃልሽን ሲቀበሉ አንቺም እንደዚያው በይ፣ አለኝ።

ጁላይ 15

ብስክሌተኛው እዚሁ ነው! ከኮሪደሩ ማዶ፣ የወንዶች ክፍል። ሙንያኔዛ ይባላል። ክንዱና ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። እሰይ ልል ምንም አልቀረኝም... ሦስት ጆንያ ድንች ጭኖ እንደዚያ ይወረዳል?

ሴቶቹ የማልሰማ መስሏቸው ያወራሉ። የኛ የካባሌ ቋንቋና የነሱ እኮ የእህትማማች ልጆች ናቸው። ሁሉንም ሰማሁ። የብስክሌት ጫኞች ማኅበሩ የአባልነት መለያ ሰደርያውን ነጥቆታል። ያለ ሰደርያ መጫን አይችልም። ፖሊስ ጥፋተኛ ካለው ደግሞ መቼም አይመልሱለትም። ፖሊስ የሚጠብቀው የኔን ቃል ነው።

ይበለው? እንጃ።

ጁላይ 16

እዚህ በሽተኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነው። እኔ ማንም የለኝም። ዛሬ አንዲት ቀጭን ሴት ድንችና ባቄላ በሳህን ይዛ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማን ነሽ አልኳት በራሷ ቋንቋ። ስፔሲዮዝ፣ የሙንያኔዛ ሚስት።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

"ብዪ" አለችኝ። "የጠገበ ሰው ያስታውሳል።"

ደግነት ነው ወይስ ምርመራ? በላሁ። ጨው አንሶታል ብዬ አልጻፍም... ጻፍኩት።

ጁላይ 18

በክራንች መራመድ ጀመርኩ። የሚያለማምደኝ ዴዎ የሚባል ቀልደኛ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቀኝዎን ይያዙ፣ በግራ የምግብ ጋሪው ይመጣል አለኝ። እሺ አልኩ። አሥር እርምጃ ሄድኩና ጋሪው ላይ ወጣሁ። ግማሹ ገንፎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ጋሪ ገፊዋ ሴትዮ ገንፎውን አየች፣ እኔን አየች።

"መምህርት፣ እኔ በመንገዴ ነኝ" አለችኝ።

እንደገና። ቀኝ፣ ቀኝ እያልኩ ተነሳሁ። ሕመሙ ሲጠናብኝ ቀኝ ማለቱን ረሳሁት። ቀና ስል ትከሻዬ ግራውን ግድግዳ እየታከከ ነው።

ዴዎ ሳቀ። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። ሻይ ቤቱ... ሻይ ቤቱ ከመንገዱ በየት በኩል ነበር?

ጁላይ 19

በግራ። ተሻግረን ነበር የቆምነው። ሞተሬን አስነሥቼ፣ ወደ ቀኝ ሳልሻገር፣ በግራው ቀጥ ብዬ ሄድኩ። እንደ አገሬ። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ሙጉሜ ከኋላዬ ክላክስ ያደርጋል፣ ደጋግሞ። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አነሳሁለት።

እጄን አነሳሁለት!

ደወልኩለት። ለምን ነበር ክላክስ ያደረግኸው አልኩት።

"ኒንሲማ፣ አስፋልቱ ላይ ተዘርረሽ ነበር። የሞትሽ መስሎኝ ነበር። የመንዳት መምህርቷ ተሳሳተች ልበላቸው?" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አላስታውስም በይ፣ በቃ። ሐኪሞቹም የጻፉት እንደዚያ ነው።"

እውነቱን ነው። እስከ ትናንት እውነት ነበር።

ጁላይ 20

ፈራሁ። እዚህ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። ሌላ ሥራ አላውቅም። ከተማችን ውስጥ ሴት አስተማሪ እኔ ብቻ ነኝ። ስጀምር "ሴት ደግሞ መሪ ልታስይዘን ነው?" ያሉኝ ወንዶች ዛሬም አሉ፣ አፋቸውን ሞርደው ይጠብቁኛል። አንዲት ቃል ናት። አላስታውስም። ማን ያውቅብኛል?

ስፔሲዮዝ ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። ምንም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል... እስኪጠራ ድረስስ ስንት ሰው ይጎዳል?

ጁላይ 21

ነገ ፖሊሱ ይመጣል። ሳህኑን ሳልነካው መለስኩ።

ጁላይ 22

ፖሊሱ ወጣት ነው፣ ትሑት። ሙንያኔዛንም አስጠራው። ክንዱ በጀሶ ታስሮ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ስፔሲዮዝ ከኋላው ቆመች። ፖሊሱ የሙጉሜን ቃል አነበበልን።

"በየት በኩል መጣብዎት?"

አፌ ላይ ነበረች። "አላስታ..." ድረስ ብዬው ነበር። ስፔሲዮዝን አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች። ተስፋ የቆረጠች ትመስል ነበር፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

"እሱ ቀኙን ይዞ ነበር" አልኩ። "የመጣሁበት እኔ ነኝ።"

ብዕሩ ቆመ። መንዳት አስተምራለሁ ብለው አልነበር አለኝ። አዎ፣ እሱንም ይጻፉት አልኩ።

ሙንያኔዛ ቀና አለ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። እሷ ስትለው ነው የሚጻፈው?"

ፖሊሱ መጻፉን ቀጠለ።

ጁላይ 23

ስፔሲዮዝ ዛሬ ምግብ አላመጣችም።

ጁላይ 26

ሰደርያው ለሙንያኔዛ ተመለሰለት። በሆስፒታሉ ልብስ ላይ ደርቦት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ይቅርታ ልለው ክራንቼን ይዤ ለመነሳት ስታገል አየኝ።

"ተቀመጪ። ደግሞ እንዳትገጪኝ።"

ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ ለቅሶ መጣብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሱ አልሳቀም፣ እሺም አላለኝም። ክንዴ ካልጠና ሰደርያው ጌጥ ነው አለኝና ሄደ።

ሴፕቴምበር 16

ካባሌ። የማሠልጠኛው ባለቤት ከመኪና አውርዶኛል። እስከ ጃንዋሪ ክፍል ውስጥ፣ በጠመኔ ብቻ። ከዚያ በኋላ እናያለን አለ። ሙጉሜ አያናግረኝም። ወንዶቹ ያገኙትን አግኝተዋል፤ ግራና ቀኟን ያልለየች ይሉኛል፣ እየሰማሁ። ይበሉ። ያማል፣ ግን እንቅልፍ አይነሳኝም።

ዛሬ የባንክ ሠራተኛዋ እጇን አወጣች። እስካሁን ፈተናውን አላለፈችም።

"መምህርት፣ እንዴት ነው የወደቁት?"

ድሮ ቢሆን ጥያቄ በመጨረሻ ብዬ አልፋት ነበር። ጠመኔ አንስቼ መንገዱን ሣልኩ። ሻይ ቤቱን በግራ። ሞተሩን። ከፊት ለፊት ድንች ጭኖ የሚወርደውን ብስክሌት። አገሩ በቀኝ የሚነዳበት ነው፣ ጥፋተኛው ማን ነው አልኳቸው። ሞተሩ አሉ ባንድ ድምፅ። አንዱ ከኋላ፣ ማነው ደግሞ ይሄ ደንቆሮ አለ። ከሞተሩ ሥር ስሜን ጻፍኩ። ማንም አልሳቀም።

"የብስክሌተኛውስ ስም?" አለች የባንክ ሠራተኛዋ።

በትልቁ ጻፍኩት። ሙንያኔዛ። በቀኙ በኩል።