የአባዬ የጥርስ ቀጠሮ

ጥቅምት 4
የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሃያ ቀን ቀረው። ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፣ ካላለፍኩ... አላስብም። የጥርስ ክሊኒኩን የቀጠሮ ድረ ገጽ ብቻዬን ተረክቤያለሁ። የጻፍኩትን አዲስ የፕሮግራም ኮድ ስምንት ጊዜ ሞከርኩት። ሠራ! ለራሴ ኬክ ገዛሁ።

ጥቅምት 5
አባዬ ጠዋት ደወለ። «ልጄ፣ ‹ነገ በሦስት ሰዓት ጥርስዎ ይነቀላል› የሚል መልእክት ስምንት ጊዜ መጣልኝ። የትኛው ጥርሴ?»
ጥርስ የለውም እኮ! ያለው ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው። ለካ ለሙከራ ብዬ ‹የታካሚው ስልክ› የሚለው ቦታ ላይ የእሱን ቁጥር አስገብቼ... በሞከርኩ ቁጥር እውነተኛ መልእክት ይሄዳል። የሌላ ሰው ቁጥር ቢሆንስ ኖሮ? ወይ እኔ! ቁጥሩን ላወጣው ስል፣ «ተይው፣ ምን ቸገረኝ» አለ። እዚያው ተውኩት።

ጥቅምት 8
ክሊኒኩ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ መልእክት የሚልክለትን ድርጅት ሊቀይር ነው። አለቃዬ «ቀላል ነው አይደል?» አለችኝ። «ቀላል ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ቀጠሮ የሚይዘው የኮድ ክፍል (ክላስ የምንለው)፣ የሚሰርዘው፣ የሚያስታውሰው... አሥራ አራቱም መልእክት ላኪያቸውን እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ይፈጥራሉ። አንዱን ብረሳ የሰው ቀጠሮ ይቀራል፣ እኔም እቀራለሁ።

ጥቅምት 9
አጠገቤ የሚቀመጠው ዝምተኛው፣ በወር አንዴ የሚናገረው፣ ዛሬ ስክሪኔን አይቶ ተናገረ። «ክላሱ ላኪውን ለምን ራሱ ይፈጥራል? ከውጭ ስጪው።» ጆሮ ማዳመጫውን መልሶ አደረገ።
ገባኝ! ክላሱ ሲፈጠር ላኪ ይሰጠው፤ ማንነቱ አያስጨንቀው፣ «ላክ» ሲለው ከላከለት በቃ። የትኛው ላኪ እንደሚሰጥ አንድ ቦታ ብቻ ይወሰናል። ለሙከራ ደግሞ የውሸት ላኪ እሰጠዋለሁ፤ የታዘዘውን መዝግቦ፣ ሳይልክ ዝም የሚል።

ጥቅምት 12
አሥራ አራቱም አለቁ። ሠላሳ ጊዜ ሞከርኩ፣ አንድም መልእክት አልወጣም። እንዴት ደስ ይላል!

ጥቅምት 15
የቀየርኩት ላኪው የሚወሰንበትን አንድ መስመር ብቻ። አለቃዬ «በቃ? ይኸው ነው?» አለች። መልእክቶቹ በአዲሱ ድርጅት በኩል ሲሄዱ አብረን አየን። «ሃያው ቀን እስኪሞላ ምን አስጠበቀኝ» ብላ የቋሚነት ወረቀቴን ፈረመች!
ለአባዬ ልደውል ስል እሱ ቀደመኝ። ድምፁ ፈርቷል። «ልጄ፣ ደህና ነሽ? መልእክት ከቀረ አምስት ቀን ሆነው። አባረሩሽ እንዴ?»
«ኧረ አባዬ፣ ቋሚ ሆንኩ!»
«ተመስገን! እኔማ መልእክቱ ሲመጣ፣ ሥራ ላይ ናት እያልኩ...»
ለካ ከመልእክቶቹ አንዱንም አላጠፋም። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። እስከ ዛሬ በወር ስንቴ ደወልኩለት? አንዴ? እሱም ከደወልኩ።

ጥቅምት 16
በምሳ ሰዓት ደወልኩለት። «ነገ በሦስት ሰዓት ጥርስዎ ይነቀላል።»
«የትኛው?» አለ። ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን።