እሺ የምትለዋ ዲዛይነር

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ትናንቱ። እኔ ጠርሙስ ሞላሁ፣ ክዳን አጠበቅሁ፤ ታላቅ እህቴ ስቲከር ለጠፈች። ያው የድሮው ስቲከር... ነጭ ወረቀት፣ «የወለል ማጽጃ» የሚል ጥቁር ጽሑፍ። እርጥበት ሲነካው ይላጣል። ከሰዓት በኋላ የሱፐርማርኬቱ ባለቤት ጠራችኝ። «ዕቃሽ ጥሩ ነው፣ መልኩ ግን የሞት ማስታወቂያ ይመስላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላሳመርሽው ከመደርደሪያው አወርደዋለሁ።» እሷ ካወረደችው ሌላ የሚወስድልን ሱቅ የለም። ዲዛይነር መፈለግ አለብኝ። ዲዛይነር በምን ይመረጣል? ጫማ ለመምረጥ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝ ሴት...

ጥቅምት 7

የመጀመሪያውን አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው በሠራቸው ሎጎዎች የተሞላ። ሲያወራ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ይዞራል፤ እኔንም አዞረኝ። ቢጫ ይሁን፣ ሎሚ ይኑርበት አልኩት። አቋረጠኝ። «ቢጫ ፈሳሽ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ፣ በላዩ ላይ ሎሚ? አይሆንም። መጀመሪያ ጠርሙሱን ይቀይሩ።» ጠርሙሱን ለዓመት የሚበቃ ገዝቻለሁ አልኩት። «እንግዲያው እኔን አይቅጠሩኝ» አለ፣ እየዞረ። ጥጋበኛ።

ጥቅምት 9

ሁለተኛዋ ገና ልጅ ናት። የምትሠራው እናቷ ቤት ነው፤ ኮምፒውተሯ ከአልጋው አጠገብ። እናትየው ከመጋረጃው ወዲያ ታስላለች። ልጅቷ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ከፍታ አሸተተችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምላትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈች። ቢጫ? «እሺ እትዬ።» ትልቅ ሎሚ? «እሺ እትዬ።»

ለታላቄ ነገርኳት።

«ሰውየው እኮ በሥራው የታወቀ ነው» አለች።

«ይጨቀጭቀኛል።»

«አንቺ ደግሞ ጨቅጫቂ ከራስሽ ሌላ አትወጂም።»

ሳቅን። ልጅቷን መረጥኩ። በችሎታዋ ነው? እሺ ስለምትል ነው... እዚህ የግል ማስታወሻዬ ላይ እንኳ ምን ያስዋሸኛል?

ጥቅምት 16

የልጅቷ ሥራ ደረሰ። ከታላቄ ጋር ሄደን አየን። ሎሚው ለሁለት ተከፍሎ ጠብታ ያንጠባጥባል፤ ያምራል። ከሥሩ ግን ወፍራም ቀይ መስመር፣ የራስ ቅል፣ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ።

«ይኼ ምንድን ነው? መርዝ ነው እንዴ የምሸጠው?»

«እትዬ... ቢጠጣ እኮ ያቃጥላል።»

«ማን ይጠጣዋል? የወለል ማጽጃ ይላል እኮ።»

«ማንበብ የማይችል ሰውም ሥዕሉን አይቶ እንዲገባው ብዬ ነው። ትንሽ ላድርገው? ከጀርባ?»

«አንሺው። ገዢ ያባርርብኛል።»

ጣቷ ማውሱ ላይ ትንሽ ቆየ። «እሺ እትዬ።» ቀዩ ጠፋ። በቦታው ሎሚውን አሳደግን፣ ጽሑፉን አሳነስን። ታላቄ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ምን ይመስልሻል ብዬ አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 25

«አሁን ገና ዕቃ መሰለ!» አለች የሱፐርማርኬቱ ባለቤት። መግቢያው ፊት ለፊት፣ በዓይን ትይዩ ደረደረችው። የመጀመሪያው ዙር በአራት ቀን አለቀ። የልጅቷን ስልክ ለሦስት ነጋዴ ሰጠሁ። እናቷ በስልክ መረቀችኝ... እጅሽ ይባረክ፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ።

ኅዳር 8

የሱፐርማርኬቱ ዘበኛ ሆስፒታል ገባ። የኛን ጠጥቶ።

ኅዳር 9

ገንዘብ ተቀባይዋ ነገረችኝ። የአንዲት ገዢ ፌስታል ተቀደደ፣ ጠርሙሱ በሩ ጥግ ተረስቶ ቀረ። ቀትር ነው፣ ፀሐይ ነው። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፣ ማንበብ አይችልም። ጁስ መሰለው። አንድ ጉንጭ ብቻ... ጉሮሮውን አቃጥሎት ወረደ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ኮፍያውን ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«አንቺም በሽተኛ አለሽ፣ እህቴ?»

«አዎ» አልኩ።

«እግዜር ይማርልሽ።»

አሜን አልኩ። አሜን!

ኅዳር 13

ተቆጣጣሪዎች መጡ። የምንሠራበትን ክፍል አሸጉት። አንደኛው ስቲከሩን በጥፍሩ እየፋቀ «ይኼን የወሰነው ማን ነው?» አለ። «ዲዛይነሯ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ሐሙስ ቢሮ ቅረቡ ተብለናል፣ ያኔ አስተካክለዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ፈቃዴን ይሰርዙታል አሉ። ከተሰረዘ እኔም ታላቄም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ግን አስተካክለዋለሁ።

ኅዳር 14

ልጅቷ ደወለች። «እትዬ፣ ያንን ቀይ ያነሳሁት እርስዎ ብለውኝ መሆኑን ይነግሩልኛል አይደል? በቃል ነው ያዘዙኝ፣ እኔ ምንም ወረቀት የለኝም።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። እነግርልሻለሁ አላልኳትም።

ኅዳር 16

ጠባብ ክፍል፣ አራት ወንበር። ኃላፊው ቀና ሳይል ጠየቀ። «ማስጠንቀቂያው ከስቲከሩ ላይ እንዲጠፋ ያዘዘው ማን ነው?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። በእምነት ነው የዞረችው...

«እኔ ስለ ዲዛይን አላውቅም» አልኩ። «ባለሙያ ናት ብዬ አምኜ ነው የሰጠኋት።»

«እትዬ! እርስዎ እኮ...»

«ማስረጃ አለሽ?» አላት ኃላፊው። «ታላቅ እህታቸውም እዚያ ነበሩ፣ እሳቸው ይናገሩ» አለች ልጅቷ። ታላቄ ወለሉን አየች። «እኔ ስቲከር ለጣፊ ነኝ። ስለዚህ ነገር አላውቅም።»

ውጭ ደረጃው ላይ ልጅቷን አገኘኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ፣ «እናቴ እኮ ጠዋት ስወጣ ለእርስዎም ስትጸልይ ነበር» አለችኝና ወረደች።

ኅዳር 17

ታላቄ ሽርጧን ልትወስድ መጣች። «ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ። ከእንግዲህ ግን ካንቺ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልውልም።» እህትሽ አይደለሁም ወይ አልኳት። «ነሽ» አለች። «እሱ ነው ያስዋሸኝ።»

ታኅሣሥ 2

እሽጉ ተነሣ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ፣ ከአዲስ ስቲከር ጋር ሥራ እንድጀምር ፈቃድ። ለልጅቷ ቅጣት። ሽማግሌው ቤቱ ገብቷል... በቱቦ ነው የሚመገበው አሉ። አልሄድኩም። ምን ብዬ?

ብቻዬን እሞላለሁ፣ ብቻዬን እለጥፋለሁ።

ታኅሣሥ 6

አዲስ ዲዛይነር መጣ። ሠላሳ ቢሆነው ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ትሁት። የጠየቅኩትን ሁሉ በአጭሩ መለሰ። ስለ ቀዩ ማስጠንቀቂያ እኔው ቀድሜ ነገርኩት፣ ትልቅ ይሁን አልኩ። ጻፈ።

ሊነሣ ሲል፣ «ያቺ ልጅ ባለፈው ሳምንት እኔ ጋ ሥራ ልትጠይቅ መጥታ ነበር» አለ። «ያጠፋችብዎትን ሰምቼ ስለነበር ከበር መለስኳት። አለቀሰች፣ እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ ብላ ማለች። እንዲህ ያለ ሰው በሙያው ውስጥ መቆየት የለበትም፣ አይደለም እንዴ?»

ፊቴን እያየ ጠበቀ።

«ደግ አደረግህ» አልኩት።

ሥራውን ሰጠሁት።