በቀይ የተሰረዘ መልስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የመዝገበ ቃላቴን ካርዶች መጻፍ ቀጠልኩ። ዛሬ አሥራ አንድ ቃል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጥሩ ቀን ማለት ይኸው ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ የገዛሁት ወፍራም መጽሐፍ የእያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል አመጣጥ ይዘረዝራል። ነገ «ዌልዝ»... ቀላል ነው፤ ሀብት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ቀላል አይደለም። «ዌል»፣ ደህና፣ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ጥንት በደህና መኖር ማለትም ነበር፤ ኋላ ገንዘቡ ገፍቶ አስወጣው። ሦስቴ አነበብኩት። አንድ ተማሪዬ በፈተና ይህንኑ ጽፎልኝ አልነበር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
የማርክ መዝገቤን ከሣጥን አወጣሁ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል። ልጁ ዛሬ መንገድ ዳር ሶፋ የሚሠራው ነው። «ደህና ሆኖ መኖር» ብሎ ጻፈ፤ በቀይ ሰረዝኩት። ሁለት ማርክ ሄደበት። ሊከራከር ሲመጣ፣ ሂድና ቁጭ በል አልኩት። 97 አምጥቶ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛዋ 98... የገዛ ልጄ። ያኔ ሰው ምን ብሎኝ ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ለልጄ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳት። የአንደኝነት ምስክር ወረቀቷ እስከ ዛሬ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ነው። «አባዬ፣ ማንም ያላስታወሰውን ነገር አሁን ምን ያስቆሰቁስሃል?» አለች። ማንም ካላስታወሰው ስህተቱ ይቀራል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ሶፋ ሠሪው ሱቅ ሄድኩ። ሚስማር በአፉ ይዞ ጨርቅ ይወጥራል። ሁሉንም ነገርኩት። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረ። መልሱን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። እናቱ ታማ የዳነችበት ሰሞን ነበር፤ ቤታቸው የጎደለ ነገር ያለ አልመስል ብሎት ነው የጻፈው።
«ቲቸር፣ የከፋኝ ማርኩ አይደለም» አለ። «ይቺን እንኳ ሳይጠይቁኝ ማባረርዎ ነው።»
ይቅርታ ጠየቅኩት። ወረቀት አቀበለኝ፤ አንደኛ መሆኔን ሚስቴ አታምነኝም፣ ይፈርሙልኝ አለ። 99 ብዬ ፈረምኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ልጄ ለካ ሳትነግረኝ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ሱቁ ሄዳለች። ውሰድ ስትለው፣ «አንቺው ጋ ይቀመጥ፤ ሚስቴ በፊርማው ብቻ መግቢያ መውጫ አሳጥታኛለች» ብሏት፣ እየተሳሳቁ እኔ ቤት መጡ። ሚስቱ «አንደኛው» እያለች ነው የምትጠራው።
ወሬው በእነሱ ቤት አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ሦስት የድሮ ተማሪዎች እኛም ተበድለናል ብለው መጡ። አንዷ የጂኦግራፊ ማርኳን ነው የጠየቀችኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምሬ አላውቅም። እሷንም ቁጭ አድርጌ፣ መልስሽን ከየት አመጣሽው ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ካርድ አልጻፍኩም።
ወንበር አነሰኝ።